«አማካሪዬ ‹እነዚህ ጽሑፎች የሉም› አሉኝ»፦ ማሽን ስለጠራቸው ዋቢዎች የቀረበ ጥያቄና የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ በሐረር የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በድሬዳዋ ከተማ ስላለው የወባ ሥርጭትና ስለ አዲሱ የወባ ትንኝ ነው። የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳውን ስጽፍ ቻትጂፒቲን ተጠቅሜያለሁ፤ አብዛኞቹን ማጣቀሻዎች የሰጠኝም እሱ ነው። አማካሪዬ ከ58ቱ 11ዱን ፈልገው እንዳጧቸው ነገሩኝ። ዝርዝራቸውን አያይዣለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል ዲኦአይ (ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጥ መለያ ቁጥር) አላቸው፤ ታዲያ እንዴት ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉ? ለዲፌንሴ (ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ለማቅረብ) ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በየቦታቸው ተመሳሳይ እውነተኛ ጽሑፍ ፈልጌ ብተካ ይበቃል? ለአማካሪዬስ ምን ልበላቸው?

ምላሽ፦ መተካትን የተመለከተውን ጥያቄዎን ላስቀድም። አይበቃም፤ እንዲያውም ከፊትዎ ካሉት መንገዶች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን እነዚያ ዲኦአዮች ከየት እንደመጡ መታወቅ ስላለበት ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ።

ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ በማጣቀሻ አገልግሎት ክፍል እሠራለሁ። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣው ጥያቄ መልኩን ለውጧል። ድሮ ተማሪው «ስለዚህ ጉዳይ ምን የተጻፈ ነገር አለ?» ብሎ ነበር የሚመጣው። አሁን «ይህን ጽሑፍ ፈልጉልኝ» ብሎ፣ የደራሲው ስም፣ ዓመቱ፣ ጆርናሉ፣ ቅጹና ገጹ ሳይቀር የተሟላበት ማጣቀሻ በስልኩ ይዞ ይመጣል፤ የጎደለው ጽሑፉ ብቻ ነው።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ በውስጣቸው ካታሎግ የላቸውም። የተሠለጠኑት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተሰጥቷቸው፣ ከአንድ ቃል ወይም የቃል ቁራጭ ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እንዲገምቱ ነው። ማጣቀሻ ደግሞ ከጽሑፍ ዓይነቶች ሁሉ ቅርጹ የጠበቀ ነው፤ ስም፣ ዓመት፣ ርእስ፣ ጆርናል፣ ቁጥር በተወሰነ ቅደም ተከተል ይሰደራሉ። ቅርጹ በጠበቀ መጠን ለመምሰል ይቀላል። ማሽኑ ስለ ድሬዳዋ ወባ ሲጠየቅ በዚህ መስክ የሚዘወተሩ ስሞችን፣ የሚዘወተሩ የርእስ አባባሎችንና የሚዘወተሩ ጆርናሎችን አገጣጥሞ ያቀርባል፤ ዲኦአዩንም ልክ እንደ ቃል ቁራጭ በቁራጭ ይገምተዋል። በቅኔ ቤት አነጋገር፣ ቤቱ ይመታል፣ ምሥጢሩ ግን የለም። ይህን በሙያው «ሃሉሲኔሽን» ይሉታል፣ ወደ እኛም «ቅዠት» ተብሎ ተመልሷል። ቃሉን ብዙም አልወደውም፤ ማሽኑ እውነተኛ ማጣቀሻ ሲሰጥዎትም የሠራው ያንኑ ሥራ ነውና፣ ጤነኛ ሆኖ ቆይቶ በድንገት የሚታመም ነገር አያስመስለው።

ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ እንዲያዩት፦ እ.ኤ.አ. በ2023 በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ የታተመ አንድ ጥናት ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን 636 ማጣቀሻዎች አንድ በአንድ መርምሮ፣ በቀድሞው ስሪት በጂፒቲ 3.5 ከተሰጡት 55 በመቶ፣ በተከታዩ በጂፒቲ 4 ከተሰጡት ደግሞ 18 በመቶ የሚሆኑት ጨርሶ የሌሉ መሆናቸውን አሳይቷል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሁለተኛው ግኝት ነው፤ እውነተኛ ሆነው ከተገኙት ውስጥ በመጀመሪያው 43 በመቶ፣ በሁለተኛው 24 በመቶ የሚሆኑት ከባድ ስሕተት ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ ኢንተርኔት የሚያስሱ ስሪቶች የሌለ ጽሑፍ የመፍጠር ጠባያቸው ቀንሷል፤ ነገር ግን በእውነት ያለን ጽሑፍ ከፍተው፣ እሱ ያላለውን ነገር አለ ብለው ያቀርባሉ። ይህኛው ለመያዝ የበለጠ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዲኦአዩ። ከላኩልኝ ዝርዝር አራተኛውን ይመልከቱ። በማላሪያ ጆርናል፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በቅጽ 17 ታተመ ይላል። ማላሪያ ጆርናል መታተም የጀመረው በ2002 ሲሆን በዓመት አንድ ቅጽ ያወጣል። ስለዚህ የ2021 ቅጽ 20ኛው ነው፤ 17ኛው የ2018 ነው። እዚህ ድረስ ኮምፒውተር እንኳን አላስፈለገም፣ መቀነስ ብቻ ነው። ቀጥዬ ዲኦአዩን አየሁት፤ በ10.1371 ይጀምራል። ይህ መነሻ ቁጥር ፕሎስ የተባለ የሌላ አሳታሚ ነው፤ የማላሪያ ጆርናል አሳታሚ ቢኤምሲ የሚጠቀመው ግን 10.1186ን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ብቻ ሲሠራ የኖረ የተባለ ባጃጅ የሌላ ክልል ታርጋ ለጥፎ ቢገኝ ትራፊክ ፖሊሱ ሊብሬ እንደሚጠይቀው፣ እዚህም ሊብሬ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሊብሬው ያለው በዲኦአይ ዶት ኦርግ ገጽ ላይ ነው። ቁጥሩን እዚያ ሳስገባው ተከፈተ፤ የተከፈተው ግን ከወባም ከድሬዳዋም ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ፣ የሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ነው። «ዲኦአዩ ይሠራል» ማለትና «ዲኦአዩ የዚህ ጽሑፍ ነው» ማለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ተማሪ አያስተውልም፤ ሊንኩን ነክቶ አንድ ገጽ ሲከፈትለት ርእሱን ሳያነብ ይዘጋዋል።

ሰባተኛው ደግሞ ቁጥር ሳይቆጠር በይዘቱ ብቻ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ የኢትዮጵያ ጆርናል ታተመ የተባለው ይህ ጽሑፍ አኖፊለስ ስቴፈንሲ በድሬዳዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱን የሚያበሥር ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ይህ ከእስያ የመጣ ትንኝ በአፍሪካ ቀንድ የታየው በ2012 በጅቡቲ ሲሆን፣ በአገራችን የተገኘው በ2016 በቀብሪደሃር ነው፤ ግኝቱም በ2018 በአክታ ትሮፒካ ታትሟል። ትንኙ በኢትዮጵያ ከመገኘቱ ከሁለት ዓመት በፊት ድሬዳዋ መገኘቱ እንዴት ሊታተም ቻለ? ይህን የሚይዘው ሶፍትዌር ሳይሆን ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የገዛ ርእስዎ ስለሆነም ከእኔ በፊት እርስዎ ሊይዙት ይገባ ነበር። ይህን የምለው ለወቀሳ ሳይሆን፣ ፈታኝዎ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከዚህ ዓይነቱ ቦታ ሊያነሡ ስለሚችሉ ነው።

በማጣራቱ ሥራ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የጎግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ጎግል ስኮላር ነው። እዚያ ርእሱን ፈልገው ሲያገኙት ከፊቱ በቅንፍ «ሳይቴሽን» የሚል ምልክት ካለበት፣ ጎግል ጽሑፉን አላየውም ማለት ነው፤ ያየው ሌሎች በዋቢ ዝርዝራቸው ሲጠቅሱት ብቻ ነው። ሐሰተኛ ማጣቀሻን ሁለትና ሦስት ሰዎች ከገለበጡት እዚያ ብቅ ይላል፣ ብቅ ሲል ደግሞ አራተኛው ሰው «ጎግል ላይ አለ» ይላል። ይህ በማሽኑ ዘመን የመጣ ነገርም አይደለም። አንድ ትልቅ አሳታሚ ለጸሐፊዎች ባወጣው መመሪያ ውስጥ የማጣቀሻን አጻጻፍ ለማሳየት ብቻ የተፈጠረ፣ በእውነት የሌለ የ2000 ጽሑፍ 400 ለሚጠጋ ጊዜ ተጠቅሶ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆኗል። ምሳሌ ተብሎ የተጻፈውን ሳያጠፉት የቀሩ ሰዎች ነበሩ።

ሁለተኛው ወጥመድ ማሽኑን ራሱን «እነዚህ እውነተኛ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በ2023 በኒው ዮርክ አንድ ጠበቃ፣ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለክርክር አቅርቦ ሲጠረጠር፣ ያው ቻትጂፒቲ «አዎ፣ እውነተኛ ናቸው» ብሎ አረጋግጦለት ነበር፤ መጨረሻው እሱና ባልደረባው ከነድርጅታቸው 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ የዳኛ ውሳኔ ሆነ። ተከሳሹን ስለ ራሱ ምስክር አድርጎ መቁጠር በየትኛውም ሸንጎ አይሠራም። የማመሳሰያ ሶፍትዌሩም አይረዳዎትም፤ እሱ የሚፈልገው ከሌላ የተገለበጠን ነው፣ የሌለ ጽሑፍ ደግሞ ከምንም ጋር አይመሳሰልም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ዋቢ» የሚለው ቃላችን ወደ ምርምር ጽሑፍ ከመግባቱ በፊት የሙግት ቃል ነበር፤ «ዋስና ዋቢ» ስንል ስለ ሌላው ቃል ቆሞ የሚመሰክር፣ ነገሩን የሚያጸና ሰው ማለታችን ነው። ዋቢ የሚጠራው ደግሞ አስቀድሞ ለተነገረ ቃል ነው። ታዲያ በእርስዎ ጽሑፍ ውስጥ የተነገረው ቃል የማን ነው? ዘጠነኛው ማጣቀሻ የተንጠለጠለበትን ዓረፍተ ነገር ጽሑፍዎን ከፍተው ይዩት። በድሬዳዋ ከሚገኙ ቤቶች ውሃ በበርሜልና በሮቶ የሚያጠራቅሙትን በመቶኛ፣ ያውም እስከ አንድ የአሥርዮሽ ነጥብ ድረስ ቆርጦ ይናገራል። ማጣቀሻው ሐሰት መሆኑን አረጋግጠናል። ቁጥሩስ? ቁጥሩም ከዚያው ምንጭ የፈለቀ ነው፤ ማሽኑ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ገመተ፣ ቀጥሎ ለዓረፍተ ነገሩ የሚስማማ ዋቢ ገመተ። እርስዎ አሁን ዋቢውን አንሥተው ስለ ውሃ ማጠራቀም የሚያወራ ሌላ እውነተኛ ጽሑፍ በቦታው ቢያስቀምጡ፣ የፈጠራ ቁጥር በእውነተኛ ሰዎች ስም ይጸናል። እነዚያ ተመራማሪዎች ያላሉትን አሉ ማለትዎ ነው። እስከ ዛሬ የነበረው ስሕተት የማሽኑ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎ ይሆናል።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከዋቢ ዝርዝሩ ሳይሆን ከጽሑፉ አካል ነው። ሐሰተኛ ማጣቀሻ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያስምሩበትና ማጣቀሻውን ሸፍነው ያንብቡት። ዓረፍተ ነገሩ ያስፈልግዎታል? ብዙዎቹ እንደማያስፈልጉ ያያሉ፣ ማሽን ዳሰሳ ሲጽፍ ቦታ መሙላት ይወዳልና። የማያስፈልገውን ከነማጣቀሻው ያውጡት። የሚያስፈልገውን ግን እንደ አዲስ ጥያቄ ይዘው ወደ ሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያው ወደ ፐብሜድ ይሂዱ፤ ያገኙትን ጽሑፍ ያንብቡ፣ ከዚያም ዓረፍተ ነገሩን ጽሑፉ ባለው መሠረት እንደገና ይጻፉት። አንዳንዴ የተቃራኒውን ያገኛሉ። ለምሳሌ በደረቁ ወቅት ወባ እንደሚጠፋ የሚናገረው አንቀጽዎ በገጠሩ ለለመድነው ወባ ይሠራ ይሆናል፤ በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው ወረርሽኝ ግን በደረቁ ወቅት ነበር፣ ከስቴፈንሲ ጋር ያለው ግንኙነትም በ2023 በኔቸር ሜዲስን ታትሟል። ስለ ድሬዳዋ ለሚጽፍ ሰው ይህ ከዝርዝሩ መጀመሪያ ሊገኝ የሚገባው ጽሑፍ ነው፤ በእርስዎ 58 ውስጥ ግን የለም። ማሽኑ የሌሉ ጽሑፎችን ከሌሉበት ሲያመጣልዎት፣ ያለውን፣ ያውም የገዛ ከተማዎን ጎረቤት የሚመለከተውን ዘለለው።

አማካሪዎ ስላገኟቸው 47ቱም ዕረፍት አይውሰዱ። እሳቸው ያረጋገጡት ጽሑፎቹ መኖራቸውን ነው፤ እርስዎ ያሉትን ማለታቸውን አይደለም። እያንዳንዱን ይክፈቱ፣ የጠቀሱትን ነገር የያዘውን አንቀጽ ያግኙ፣ ገጹን በማስታወሻ ይያዙ። ለአንዱ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ 47ቱ ስምንት ሰዓት አይሞሉም፤ ለሦስት ሳምንት ብዙ አይደለም። «ጽሑፉ ክፍያ ይጠይቃል» የሚለው ምክንያትም በጤናው መስክ ለእኛ አገር እምብዛም አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው፣ የጤና ጆርናሎችን ለታዳጊ አገሮች የሚከፍተው ሂናሪ ኢትዮጵያን ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች መድቧታል፤ የይለፍ ቃሉን የኮሌጅዎን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። ካልሰጡዎት ደግመው ይጠይቁ፤ እኛ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች አንዳንዴ የይለፍ ቃልን እንደ ግምጃ ቤት ቁልፍ እንይዘዋለን።

እዚህ ላይ የራሴን ላንሣ። ወደ ሥራው እንደገባሁ ለአንድ መምህር የማጣቀሻ ዝርዝር ሳዘጋጅ፣ አንዱን ከሌላ ጽሑፍ የዋቢ ዝርዝር ላይ እንዳለ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ዋናውን አልከፈትሁትም፤ የጠቀሰው ሰው ከፍቶታል ብዬ ነበር። መምህሩ ከወራት በኋላ ጽሑፉን ይዘው መጡና ምንም ሳይናገሩ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ፤ ጽሑፉ ተጠቀሰበት ከተባለው ነገር ተቃራኒውን ይላል። ያኔ ማሽን አልነበረም።

ለአማካሪዎ ምን ይበሉ? እውነቱን፣ በጽሑፍ፣ እርማቱን ጨርሰው ሳይሆን ከመጀመርዎ በፊት ይንገሯቸው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቻትጂፒቲን ለየትኛው ክፍል እንደተጠቀሙ፣ ከ11ዱ የትኞቹ እንደሌሉ፣ እስከ መቼ ምን እንደሚያደርጉ ይግለጹ። እርማቱ ሲያልቅ ደግሞ የወጣው ዓረፍተ ነገርና እንደገና የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን የሚታይበት ሰንጠረዥ ያያይዙ። ሰንጠረዡን ለማየት ጊዜ የሚያጡ አማካሪ ሊኖሩ ይችላሉ፣ መኖሩ ግን በዲፌንሱ ቀን ይጠቅምዎታል። የኅትመት ሥነ ምግባር ጉዳዮችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ኮፕ በ2023 መጀመሪያ ባወጣው አቋም እንዲህ ያለ መሣሪያ ደራሲ ሊባል እንደማይችል፣ የተጠቀመበትም ሰው አጠቃቀሙን መግለጽና ለጽሑፉ ሙሉ ኃላፊነት መውሰድ እንዳለበት ደንግጓል። መግለጹ ስለዚህ ውርደት አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ዩኒቨርሲቲዎ የራሱ መመሪያ ካለው እሱን ያስቀድሙ። እስካሁን የሆነውን ቸልተኝነት እንጂ ስርቆት ብዬ አልቆጥረውም፤ ብዙ ፈታኞችም በዚህ ዓይን የሚያዩት ይመስለኛል። በምስጢር መተካት ግን ሌላ ስም አለው።

የቀረኝ 11ኛው ማጣቀሻ ነው። ከላኳቸው ውስጥ ስምንቱ ጨርሶ የሉም። ሁለቱ አሉ፣ ግን አንዱ ዓመቱ፣ ሌላው ጆርናሉ ተዛብቷል። 11ኛው፣ ያልታተመ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የተባለው፣ ለብዙ ቀን አስቸገረኝ። ማሽን የፈጠረው ነው ብዬ ላልፈው ነበር፣ ምክንያቱም «ያልታተመ መመረቂያ ጽሑፍ» ማሽኑ መሸሸጊያ የሚያደርገው ቦታ ነው፤ ዲኦአይ የለውም፣ ኢንተርኔት ላይ ባይገኝ ማንም አይገረምም። ሆኖም ርእሱ በጣም የተወሰነ፣ ቀበሌ ሳይቀር የሚጠቅስ ነበርና በቤተ መጻሕፍታችን ካርድና በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ ፈልጌ አጣሁት። በኋላ የደራሲውን ስም ቅደም ተከተል አገላብጬ ሞከርሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭው የአጠቃቀስ ሥርዓት ግን የመጨረሻውን ስም ይዞ ስለሚያስቀድም አንዱ ሰው አንዴ በራሱ፣ አንዴ በአባቱ፣ አንዴም በአያቱ ስም ይመዘገባል። በዚህ ላይ የአባቱ ስም መሐመድ ነው፤ ይህ ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው የድሬዳዋና የሐረር ሰው አይጠፋውም። ሦስተኛውን አጻጻፍ ይዤ፣ ዓመቱንም 2012 የተባለውን እንደ ፈረንጅ ሳይሆን እንደ እኛ አቆጣጠር ወስጄ ወደ 2020 ሳሻግረው ተገኘ። ቅጂው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ አማካሪዎ ያጡት በፈረንጆች 2012 ብለው ስለፈለጉት ይመስለኛል። እርስዎ የጠቀሱትም ከማሽኑ ሳይሆን ከጓደኛዎ ተውሰው ካነበቡት መሆን አለበት፣ የገጹ ቁጥር ትክክል ነውና። ስለዚህ 11ኛውን እንዳይሰርዙት፤ የደራሲውን ስም ከነአባቱ ሙሉውን፣ ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት።